አልፍሬድ ቬገነርና ከበረዶው በታች ያለው ምድር

የአልፍሬድ ቬገነር ስም በጂኦሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የሚነሣው በአብዛኛው ከአንድ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ነው፤ እርሱም አህጉራት በአንድ ወቅት የተጋጠሙ ነበሩ፣ ኋላም እየተላቀቁ ተራራቁ የሚለው ነው። ተማሪው የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ጠረፎች ሲገጥሙ የሚያሳየውን ሥዕል ይመለከታል፤ ሐሳቡ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ተቀባይነት እንዳላገኘ ይነገረዋል፤ ከዚያም ገጹን ይገልጣል። ሰውየው ሲሞት ምን እየሠራ እንደነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ቬገነር ሕይወቱ ያለፈው በግሪንላንድ የበረዶ ንጣፍ ላይ፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የበረዶውን ውፍረት መለካት የሆነ ታላቅ ጉዞ እየመራ ሳለ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን የሚመለከተው ከዚህ ከተዘነጋው ወገን ነው። ዛሬ የበረዶ ግግር ተመራማሪዎች በራዳር የሚመልሱት ጥያቄ እርሱ በፈንጂና በሴይስሞግራፍ ሊመልሰው የተነሣው ጥያቄ ነውና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቬገነር የተወለደው ኖቬምበር 1 ቀን 1880 በበርሊን ከተማ ነው። አባቱ ሪቻርድ ቬገነር የነገረ መለኮት ሰውና የጥንት ቋንቋዎች መምህር ነበሩ፤ እርሱም የአምስት ልጆች የመጨረሻ ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥነ ፈለክ ሲሆን፣ በ1905 የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው በመካከለኛው ዘመን በተዘጋጀ የፕላኔቶች ሠንጠረዥ ላይ ባደረገው ጥናት ነበር። ይሁን እንጂ ወዲያው ከዚህ ሙያ ራቀ። ከታላቅ ወንድሙ ከኩርት ጋር በሊንደንበርግ የአየር ምርምር ጣቢያ ተቀጠረ፤ በኤፕሪል 1906 ሁለቱ ወንድማማቾች በፊኛ 52 ሰዓት ተኩል ያህል አየር ላይ በመቆየት በዘመኑ ክብረ ወሰን ሰበሩ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ወጣትነት የሚወደው ጀብዱ ብቻ አልነበረም። መሣሪያን ሰው ወደማይደርስበት ስፍራ ማድረስ፣ በዚያም ሳያቋርጡ መለካት፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ሆኖ ቀርቷልና።

በዚያው ዓመት በዴንማርካዊው ሉድቪግ ሚሊየስ ኤሪክሰን የሚመራው የግሪንላንድ ጉዞ አባል ሆነ። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ጠረፍ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አቋቁሞ፣ በገመድ በታሰሩ ፊኛዎችና ካይቶች የዋልታውን አየር ሙቀትና እርጥበት ይለካ ነበር። ከዚህ ጉዞ ሌላም ነገር ተማረ። የጉዞው መሪና ሁለት ባልደረቦቹ በ1907 በመልስ መንገድ ላይ በረሃብና በብርድ አለቁ። ቬገነር ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር። ከጣቢያው ርቆ የሄደ ቡድን ስንቁና ጊዜው ሲያጥርበት ምን እንደሚገጥመው ከመጻሕፍት ሳይሆን ከባልደረቦቹ ሞት ያወቀ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ኋላ በ1930 ያደረገውን ውሳኔ ለሚመረምር ሰው ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም።

በ1908 ወደ ጀርመን ተመልሶ በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ ስለ ከባቢ አየር ቴርሞዳይናሚክስ የጻፈው መጽሐፍ በ1911 ታተመ። የአህጉራትን መንሸራተት ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ያቀረበው ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 በፍራንክፈርት በተደረገ የጂኦሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበር። ስለ ጠረፎች መግጠም፣ በአትላንቲክ ወዲህና ወዲያ ማዶ ስለሚገኙት ተመሳሳይ ቅሪተ አካላትና አለቶች የተናገረው የታወቀ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። ለያዝነው ጉዳይ የሚፈለገው የሐሳቡ መሠረት ነው። ቬገነር አህጉራት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ እንጨት፣ ቀለል ያሉ ሆነው ከበድ ባለ ነገር ላይ ተንሳፍፈዋል ብሎ ያምን ነበር። ይህ የኢሶስታሲ ንድፈ ሐሳብ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነበር። እርሱ የጨመረው፣ ወደ ላይና ወደ ታች መንሳፈፍ የሚችል ነገር ወደ ጎንስ ለምን አይሄድም የሚለውን ክርክር ነው።

ከዚህ ሐሳብ ወደ ግሪንላንድ በረዶ የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው። አንድ ምድር ተንሳፋፊ ከሆነ፣ ሸክም ሲጫንበት ሊሰጥም፣ ሸክሙ ሲነሣለትም ሊነሣ ይገባል። የስካንዲኔቪያ ጠረፍ ከዓመት ዓመት ከባሕር እየወጣ መሄዱ በጥንት ዘመን ተጭኖት የነበረው በረዶ በመቅለጡ ነው የሚለው ማብራሪያ በዚያን ጊዜ በሰፊው ይታወቅ ነበር። ግሪንላንድ ግን ሸክሙን ገና አላወረደም። የበረዶው ውፍረት 3,000 ሜትር ቢሆን፣ የበረዶ እፍጋት በሜትር ኩብ 917 ኪሎ ግራም፣ የማንትሉ ደግሞ 3,300 ገደማ በመሆኑ፣ ሚዛኑ ሲጠበቅ ከሥሩ ያለው አለት ከ800 ሜትር በላይ መስጠም አለበት። ስለዚህ የግሪንላንድን መካከል ቅርጽ ማወቅ የምድር ቅርፊት በእርግጥ እንደሚንሳፈፍ የሚፈተንበት አንድ ግዙፍ ሙከራ ነው። በበረዶው ላይ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግን ነጭ ሜዳ ብቻ ነው፤ ከእግሩ በታች ሦስት መቶ ሜትር ይሁን ሦስት ሺህ ሜትር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በ1912 እና 1913 ከዴንማርካዊው ዮሐን ፔተር ኮህ ጋር ያደረገው ሁለተኛ ጉዞ ይህን ነጭ ሜዳ ዳር እስከ ዳር አሳየው። ቡድኑ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩት፤ ከኮህና ከቬገነር ጋር አይስላንዳዊው ቪግፉስ ሲጉርድሶንና ዴንማርካዊው ላርስ ላርሰን ነበሩ። ከአይስላንድ ያመጧቸውን 16 ድንክ ፈረሶች ይዘው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ወጡ፤ በበረዶ ግግሩ ላይ ቤት ሠርተው ክረምቱን እዚያው አሳለፉ፤ በመሰርሰሪያም ወደ 25 ሜትር ጥልቀት ወርደው የበረዶውን ሙቀት ለኩ። ኮህ በረዶው ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ እግሩ ስለተሰበረ ወራት በአልጋ ላይ አሳለፈ። በጸደይ ጉዞውን ቀጥለው ናንሰን በ1888 ካቋረጠው መንገድ እጥፍ የሚሆነውን ርቀት ተጉዘው ምዕራብ ጠረፍ ደረሱ። ፈረሶቹ አንድ በአንድ አለቁ። በመጨረሻም ስንቃቸው አልቆ ውሻቸውን እስከ መብላት ከደረሱ በኋላ፣ ምእመናኑን ለመጎብኘት በጀልባ የሚጓዝ የኡፐርናቪክ ቄስ አግኝቶ አዳናቸው። ለአራት ሰው ሕይወት አስጊ የነበረው ይህ ሁሉ ድካም ስለ በረዶው ገጽታ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ሙቀቱ ብዙ አስገኘ፤ ስለ ውፍረቱ ግን ከ25 ሜትር ጉድጓድ የተገኘ መልስ አልነበረም።

በ1913 የአየር ንብረት ሊቁን የቭላዲሚር ከፐንን ልጅ ኤልሰን አገባ፤ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለውትድርና ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። የአህጉራትና የውቅያኖሶች አመጣጥ የተባለውን መጽሐፉን በ1915 ያሳተመው በዚህ መካከል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሐምቡርግ በጀርመን የባሕር ጥናት ተቋም ሠራ፤ በ1924 በኦስትሪያ የግራትስ ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂና የጂኦፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ከአማቱ ጋር ስለ ጥንታዊ የምድር አየር ንብረት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1921 በጨረቃ ላይ የሚታዩት ጎድጓዶች የወደቁ አካላት ግጭት ያስከተላቸው ናቸው ብሎ የተከራከረበትን አነስተኛ ሥራ አውጥቶ ነበር። አብዛኞቹ የዘመኑ ሊቃውንት ጎድጓዶቹን የእሳተ ገሞራ ውጤት ያደርጓቸው ስለነበር፣ በዚህም እንደ ሌላው ሁሉ ከብዙኃኑ ተለይቶ ቆመ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የአህጉራትን መንሸራተት የተቃወሙት ሰዎች ሁሉ ግትሮች ነበሩ ብሎ መተረክ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም። ቬገነር አህጉራትን የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ በቁጥር ማሳየት አልቻለም፤ ያቀረባቸው ኃይሎች እጅግ ደካማ መሆናቸውን ሃሮልድ ጄፍሪስን የመሰሉ የፊዚክስ ሰዎች አስልተው አሳይተዋል። ደግሞም ቬገነር ራሱ እንደ ወሳኝ ማስረጃ ያቀረበው ልኬት ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ግሪንላንድ ከአውሮፓ እየራቀች መሆኗን ለማሳየት በተለያዩ ጊዜያት የተወሰዱ የኬንትሮስ ልኬቶችን አነጻጸረ፤ የመጽሐፉ የ1929 እትም በሬዲዮ የጊዜ ምልክት የተወሰዱ አዳዲስ ልኬቶችን ጠቅሶ በዓመት 36 ሜትር ያህል እንደምትሄድ ይገልጻል። እውነተኛው ፍጥነት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። ትክክለኛ ሐሳብ በተሳሳተ ልኬት ሲደገፍ ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም፤ ለተመራቂ ተማሪ ግን የመሣሪያን የስሕተት መጠን ከሚለካው ነገር መጠን ጋር አስቀድሞ ማነጻጸር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አገራችንን የሚነካ ክፍልም አለ። ቬገነር የዓረብን ምድር ወደ አፍሪካ መልሶ ለመግጠም ሲሞክር፣ በኢትዮጵያ ደጋና በሶማሌ ምድር መካከል ያለው የአፋር ሦስት ማዕዘን እንቅፋት ሆነበት፤ በቦታው እያለ ጠረፎቹ አይገጥሙም። መፍትሔ አድርጎ ያቀረበው፣ ይህ ሦስት ማዕዘን በቅርብ ዘመን ከወጣ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ አዲስ ምድር ስለሆነ በገጠማው ጊዜ ከስሌት መውጣት አለበት የሚል ነበር። አፋር ዛሬ ሦስት ፕሌቶች የሚለያዩበት ሥፍራ መሆኑ ይታወቃል። በሴፕቴምበር 2005፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1998፣ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ያን የመሬት እንቅስቃሴ በስፋት ያሳየው ኤንቪሳት በተባለው ሳተላይት ላይ የነበረው ራዳር ነው። ቬገነር በግሪንላንድ በከንቱ የፈለገው፣ አንድ ተመራማሪ በዕድሜው የሚያየው የምድር መለያየት፣ በአፋር በረሃ በራዳር ሞገድ ተለካ።

ወደ በረዶው እንመለስ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሃንስ ሞተስ የተባለ ተመራማሪ በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ግግሮች ላይ አዲስ ዘዴ ሞክሮ ነበር። በበረዶው ገጽ ላይ ፈንጂ ይፈነዳል፤ የፍንዳታው ሞገድ በበረዶው ውስጥ ወርዶ ከሥሩ ያለውን አለት ሲነካ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ ሴይስሞግራፍ የተመለሰበትን ጊዜ ይመዘግባል። ሞገዱ በበረዶ ውስጥ በሰከንድ 3,800 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 3,000 ሜትር ውፍረት ላለው በረዶ ደርሶ መልሱ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። ቬገነር ይህ ዘዴ ለግሪንላንድ የሚፈልገው መሣሪያ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። በ1929 ከዮሐንስ ጌዎርጊ፣ ከኤርንስት ዞርገና ከፍሪትስ ሎወ ጋር የቅድመ ጥናት ጉዞ አድርጎ መንገዱን መረጠ፤ ዘዴውንም በቦታው ፈተነ።

የ1930ው ዋና ጉዞ ዕቅድ ሦስት ጣቢያዎች ነበሩት፤ አንዱ በምዕራብ ዳር፣ አንዱ በምሥራቅ ጠረፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከምዕራብ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በንጣፉ መካከል። ይህ ሦስተኛው ጣቢያ አይስሚተ፣ ማለትም የበረዶው መካከል ተባለ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። የተበላሸው በጊዜ ነው። ጉዞው በሜይ መጀመሪያ ግሪንላንድ ሲደርስ ወደ ማረፊያው የሚያስገባው የባሕር ወሽመጥ በበረዶ ተዘግቶ አገኘው፤ ከአምስት ሳምንት በላይ በመጠበቅ አለፈ። የዋልታ በጋ አጭር ስለሆነ የባከነው ጊዜ የሚካካስ አልነበረም። ጭነት በሙሉ ከጠረፉ በፈረስና በሰው ጉልበት ቁልቁለታማውን ግግር ማውጣት፣ ከዚያ በውሻ በሚጎተቱ የበረዶ ጋሪዎች ወደ መካከል ማድረስ ያስፈልግ ነበር። ትልቅ ተስፋ የተጣለባቸው ሁለት በአውሮፕላን ሞተር የሚገፉ ጋሪዎች ደግሞ ነፋስና አዲስ የወረደ በረዶ አሸንፏቸው መካከል ሳይደርሱ ቀሩ።

ጌዎርጊ በጁላይ 30 ቀን 1930 አይስሚተን ከፈተ፤ ዞርገ በሴፕቴምበር ተቀላቀለው። ለክረምት የታሰበው ቤት አልደረሳቸውም፤ ነዳጁም አነስተኛ ነበር፤ የሬዲዮ መሣሪያም አልነበራቸውም። እስከ ኦክቶበር 20 ስንቅ ካልመጣላቸው ጣቢያውን ትተው በእግር እንደሚመለሱ ወደ ምዕራብ ደብዳቤ ላኩ። ቬገነር ደብዳቤው ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ሁለት ሰዎች በዚያ ወቅት 400 ኪሎ ሜትር በእግር ቢነሡ በሕይወት እንደማይደርሱ ያውቅ ነበር፤ በ1907 አይቶታልና። ሴፕቴምበር 21 ከሎወና ከ13 ግሪንላንዳውያን ጋር በ15 ጋሪዎች ጭነት ይዞ ተነሣ።

መንገዱ ክፉ ሆነ። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን አለፈ፤ ለስላሳው በረዶ ጋሪዎቹን ዋጠ። ግሪንላንዳውያኑ በየጊዜው እየተለዩ ተመለሱ፤ በዚህም ሊወቀሱ አይገባም፤ ወቅቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። በመጨረሻ ከቬገነርና ከሎወ ጋር የቀረው ራስሙስ ቪሉምሰን የተባለ ወጣት ግሪንላንዳዊ ብቻ ነበር። ጭነቱም አብዛኛው በመንገድ ተጥሏል። ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ ኦክቶበር 30 ሦስቱ አይስሚተ ሲደርሱ ያመጡት ስንቅ የለም ሊባል የሚችል ነበር።

በዚያም ያገኙት ነገር የዚህ ታሪክ እጅግ መራራ ክፍል ነው። ጌዎርጊና ዞርገ መመለሱን ትተው ነበር። በጠነከረው በረዶ ውስጥ ዋሻ ቆፍረው፣ ከውጭው ብርድ እጅግ በተሻለ ሙቀት፣ ያላቸውን ስንቅና ነዳጅ በቁጠባ እየተጠቀሙ ክረምቱን ሊከርሙ ወስነዋል። ይህን ለምዕራብ ጣቢያ የሚነግሩበት መንገድ ግን አልነበረም። ቬገነር የሄደው ለማዳን ነበር፤ የሚድን ሰው አልነበረም። ይልቁንም የሎወ የእግር ጣቶች በብርድ ስለሞቱ ሊመለስ አልቻለም፤ ጌዎርጊ ያለ ማደንዘዣ በኪስ ቢላዋና በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠለት፤ ለሁለት ሰው የማይበቃው ስንቅም ለሦስት ሆነ። ከዋሻው ውስጥ መልእክት ሊልክ የሚችል አንድ የሬዲዮ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ይህ ጉዞ አያስፈልግም ነበር ማለት ከእውነት መራቅ አይደለም።

ኖቬምበር 1 ቀን ቬገነር 50 ዓመት ሞላው። በዚያው ጠዋት ስንቁን ላለመሻማት ከራስሙስ ጋር በሁለት ጋሪና በ17 ውሾች ወደ ምዕራብ ተነሡ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው ሰው የለም። በምዕራብ ያሉት ቬገነር አይስሚተ ከረመ ብለው አሰቡ፤ በአይስሚተ ያሉት ደግሞ በሰላም ደርሷል ብለው አሰቡ። እስከ ሜይ 1931 ድረስ፣ ማለትም የጸደዩ ረዳት ቡድን አይስሚተ እስኪደርስ፣ ሁለቱም ወገን እንደዚያ አምኖ ቆየ። ሜይ 12 ቀን አስከሬኑ በመንገዱ አጋማሽ ገደማ ተገኘ። ሁለት ስኪዎች ምልክት ሆነው ተተክለውበት ነበር። በመኝታ ከረጢት ልባስ በጥንቃቄ ተሰፍቶ፣ ከሥሩ የአጋዘን ቆዳ ተነጥፎለት ነበር። የሞተው ከድካም ብዛት ልቡ ቆሞ እንደሆነ ይታመናል። ይህን ሁሉ ያደረገው ራስሙስ ነው። ራስሙስ የቬገነርን የዕለት ማስታወሻ ይዞ ጉዞውን ሳይቀጥል አልቀረም፤ እርሱም ማስታወሻውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። የቬገነርን የሕይወት ታሪክ የሚተርኩ ብዙ ጽሑፎች ራስሙስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ቦታ አለመስጠቴን አውቃለሁ፤ የተጻፈለት ጥቂት ነውና።

ሥራው ግን አልቆመም። ኩርት ቬገነር የወንድሙን ቦታ ተክቶ ጉዞውን መራ። ዞርገ በአይስሚተ 15 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ የበረዶው እፍጋት ከጥልቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለካ፤ በዚህም የየዓመቱን የበረዶ ክምችት ለየ። ውጤቱ ኋላ የዞርገ ሕግ ተብሎ በስሙ ተጠራ። የፍንዳታ ልኬቱም ተከናወነ፤ በንጣፉ መካከል የበረዶው ውፍረት ከ2,500 ሜትር በላይ መሆኑን አመለከተ። ከጦርነቱ በኋላ ከ1949 እስከ 1951 በፖል ኤሚል ቪክቶር የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ በዚያው አካባቢ ጣቢያ አቋቁሞ፣ ውፍረቱ ወደ 3,000 ሜትር እንደሚጠጋና የግሪንላንድ መካከል እንደ ጎድጓዳ ሳህን፣ በከፊልም ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ መሆኑን አሳየ። ቬገነር የገመተው የምድር መስጠም፣ ማለትም ሸክም ተሸክሞ የወረደ ምድር፣ እነሆ ተለካ።

የፍንዳታ ዘዴው ግን አድካሚ ነበር። በየቦታው መቆም፣ መሣሪያ መትከል፣ ፈንጂ መቅበር ያስፈልጋል፤ በአንድ የሥራ ወቅት የሚገኘው ጥቂት ነጥብ ነው። ቬገነር በግራትስ ሲያስተምር በእንግሊዝና በአሜሪካ ተመራማሪዎች የሬዲዮ ሞገድ ወደ ሰማይ ልከው ከአዮኖስፌር የሚመለሰውን ማሚቶ መመዝገብ ጀምረው ነበር። ያንኑ ሞገድ ወደ በረዶ ለመላክ ሽቴርን የተባለ ተመራማሪ በ1929 በኦስትሪያ የበረዶ ግግር ላይ ሞክሯል፤ ተከታይ ግን ለረጅም ጊዜ አላገኘም። ነገሩ የተነቃቃው በአየር መንገደኞች ችግር በኩል ነው። በበረዶ ንጣፎች ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች የሬዲዮ ከፍታ መለኪያ አንዳንድ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ሞገዱ ከበረዶው ገጽ ብቻ ሳይሆን ዘልቆ ከሥሩም ይመለሳልና። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ኤሞሪ ዌይት ይህን ስሕተት ወደ መለኪያነት ለወጠው። በካምብሪጅ በሚገኘው የስኮት የዋልታ ምርምር ተቋም ደግሞ፣ በጎርደን ሮቢን አመራር ሥር፣ ስታን ኤቫንስ በ1963 ገደማ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ራዳር ሠራ። ሮቢን ራሱ በአንታርክቲካ በፍንዳታ ዘዴ ብዙ የደከመ ሰው ስለነበር የአዲሱን መሣሪያ ዋጋ ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገውም።

የራዳሩ አሠራር ቀላል ነው። በሜጋ ኸርትዝ ደረጃ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ለቀዝቃዛ በረዶ እንደ መስተዋት ላለ ብርሃን ነው፤ በማይክሮ ሰከንድ 168 ሜትር ገደማ እየተጓዘ ያልፋል። ለ3,000 ሜትር በረዶ ደርሶ መልሱ 36 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። አውሮፕላን እየበረረ ሳለ ይህን በየቅጽበቱ ሊደግመው ስለሚችል፣ ነጥብ የነበረው ልኬት ያልተቋረጠ መስመር ሆነ። በተጨማሪም ሞገዱ ከአለቱ ብቻ ሳይሆን በበረዶው ውስጥ ካሉ ንብርብሮችም ይመለሳል፤ የጥንት እሳተ ገሞራ አሲድ የተወባቸው ንብርብሮች የአንድ ዘመን ገጽ ስለሆኑ፣ የበረዶውን ዕድሜና ፍሰት በአንድነት ለማንበብ ያስችላሉ። ሞቃትና ውኃ ያዘለ በረዶ ግን ሞገዱን ስለሚበትንና ስለሚውጥ፣ በዚያ ራዳሩ ይደክማል።

የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም የማያነሡት አንድ መገጣጠም እዚህ ላይ አለ። በዚያው በ1963 በዚያው በካምብሪጅ ፍሬድ ቫይንና ድራሞንድ ማቲውስ የውቅያኖስ ወለል መግነጢሳዊ ንድፍ ስለ ወለሉ መስፋፋት የሚመሰክረውን አሳተሙ። ቬገነር ሁለት ጥያቄ ትቶ ሞቶ ነበር፤ አንዱ የአህጉራት፣ ሌላው የበረዶው ሥር። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን፣ እርስ በርሳቸው በማይገናኙ ሰዎች እጅ ወደ መፍትሔ አመሩ።

ከዚያ ወዲህ በራዳር የተገኘው ብዙ ነው። በ2013 ከግሪንላንድ በረዶ ሥር 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በአንዳንድ ስፍራ 800 ሜትር የሚጠልቅ ሸለቆ መኖሩ ተገለጸ፤ የታወቀውም አሥርት ዓመታት የተከማቹ የራዳር መስመሮች በአንድነት ሲነበቡ ነው። በ2018 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ፣ በሃያዋታ የበረዶ ግግር ሥር፣ 31 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከሰማይ በወደቀ አካል ግጭት የተፈጠረ ጎድጓዳ ቦታ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ዕድሜው ወደ 58 ሚሊዮን ዓመት እንደሚደርስ ኋላ በ2022 ታውቋል። ስለ ጨረቃ ጎድጓዶች ቬገነር በ1921 የተከራከረው ዓይነት አፈጣጠር፣ እርሱ የሞተበት በረዶ ሥር ተደብቆ ነበር። ጎድጓዳውን ለማረጋገጥ በሜይ 2016 ላዩ ላይ እየተመላለሰ በራዳር የለካው አውሮፕላን የአልፍሬድ ቬገነር ተቋም ንብረት ነው፤ ተቋሙ በ1980 በብሬመርሃፈን የተመሠረተው እርሱ በተወለደ በመቶኛው ዓመት ነበር።

አስከሬኑ በተገኘበት ቦታ ተቀብሮ ኋላ የብረት መስቀል ቆሞለት ነበር። በረዶው በየዓመቱ ስለሚከማች መስቀሉ ከዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ንጣፉም ስለሚፈስ መቃብሩ ከነበረበት ቦታ ዝቅ እያለና ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ጠረፍ እየሄደ ነው።